የዳኛው መኪና ብሎኖች

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ጥቅምት 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኡዘይር፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ በሰው አገር ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አሠሪ ይሰውርህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። የምትጽፈው ልጄ መርዋ ናት፤ የምናገረው ግን እኔ አጎትህ ዐብደላ ነኝ። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ሰው ሲመጣ በአረማመዱ አውቀዋለሁ፣ ፊደል ግን አረማመድ የለውም።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ አልጻፍክልኝም። እኔም አልጻፍኩልህም። ለመርዋ በየዒዱ ሰላምታ እንደምትልክ አውቃለሁ፤ እሷ የደበቀችኝ ይመስላታል። ምነው ለእኔስ ብትልክ? ወንድሜ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ሆነህ እጄ ላይ ወደቅህ። ከልጄ ሳልለይ አሳደግሁህ፣ ጋራዥ አስገብቼ ቁልፍ አስጨበጥኩህ። በጠዳው ነጋዴ በዳኛው መኪና ነገር ተቆጥቼሃለሁ፣ አልክድም። በሰው ፊት የተናገርኩህም እውነት ስለሆነ ነው። የሞተሩን የካምሻፍት ዘንግ አራት ብሎን አጥብቅ የተባለ ልጅ አንዱን ሳያጠብቅ ይተዋል፤ መኪናው የሊማሊሞን ቁልቁለት ወደ ዛሪማ ሲወርድ ብሎኑ ይበጠሳል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ መኪናው አልያዝ ይላል፣ ሾፌሩ አዳነ ገደሉን ሸሽቶ ከዓለቱ ጋር ይላተምና እግሩን ያጣል። ታዲያ ምን ልበል? ጎበዝ ልበልህ? ግን ያለፈው አልፏል። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የደባርቁ ሐብተ ማርያም የጭነት መኪናውን አምጥቶልኛል። ከዳኛው መኪና ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ሞተሩም ያው። ካምሻፍቱ ተበልቷል፤ ጣቴን ሳስኬድበት እንደ ተላሰ ከረሜላ ሆኗል። አዲስ አበባ አስፈልገን ያገኘነው ሁሉ ያገለገለ ነው። አንተ መለዋወጫ እንደ ልብ የሚገኝበት አገር ነህና አንድ አዲስ ካምሻፍት ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ብሎን እንደሆነ እኔ ቤት ሞልቷል። ታውቀኛለህ፣ ከፈታሁት መኪና አንድ ብሎን ጥዬ አላውቅም።

ሁለተኛው ጉዳይ ደግሞ ይህ ነው። ጋራዡን የሚገዛ ሰው መጥቶ የብሎኬት ማምረቻ ላድርገው ይላል። እስከ ዘመን መለወጫ ጠብቀኝ ብዬዋለሁ። መርዋ ዕቃ ትይዛለች እንጂ መኪና ሥር አትገባም፤ ዓይን የሌለው ሰው ደግሞ ብዙ አይገፋም። አንተ ከመጣህ የበሩ ቁልፍ ያንተ ነው። ካልመጣህ እሸጠዋለሁ።

አጎትህ ዐብደላ


ጅዳ
ኅዳር 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ ዐብደላ፤ ጎንደር።

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ጾምዎን አላህ ይቀበልዎ፣ ዓይንዎንም ይማርልዎ። ደብዳቤዎ ከሠላሳ ሁለት ቀን በኋላ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለዝምታዬ አውፍ ይበሉኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ስለጠፋኝ ነው።

ካምሻፍቱን እልካለሁ። አስቸጋሪ አይደለም፤ የምሠራው በአንድ ትልቅ ጋራዥ የዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። መካኒኮቹ በመስኮት ቁጥር ይሰጡኛል፣ እኔ ከመደርደሪያ አውርጄ አቀብላለሁ። መካኒክ ሆኗል ብሎ የነገርዎ ሰው ካለ ተሳስቷል። መጀመሪያ በሙያዬ ቀጥረውኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሞተር ሲያስረክቡኝ እጄ ተንቀጠቀጠና ወደ ግምጃ ቤት አዛውሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ብሎን አጥብቄ አላውቅም።

የዳኛውን መኪና የሠራሁበትን ቀን አስታውሳለሁ። እርስዎ አሮጌዎቹን ብሎኖች በነጭ ጋዝ አጥበው ሰጡኝ። አራቱንም አጠበቅሁ፤ ከዚያ ዞሬ ደገምኩ። እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው። ነገር ግን ሰው የሚመቸውን ያስታውሳል። እርስዎ «አላጠበቀም» ብለዋል፤ እርስዎ በመኪና ነገር ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅም። ያኔም አልተከራከርኩም፣ ዛሬም አልከራከርም።

አዳነ እንዴት ነው? ምን ሠርቶ ይኖራል? መርዋን በየዒዱ እጠይቃታለሁ፤ «ደህና ነው» ብቻ ትላለች። ስለ መምጣቴ ላሉት፣ አዳነ አዘዞ ሰፈሩ ላይ በአንድ እግሩ እየሄደ እኔ በምን ፊቴ እዚያው ጎንደር ቁልፍ ይዤ እቆማለሁ? ጋራዡን ለሰውየው ይሽጡለት።

የወንድምዎ ልጅ ኡዘይር


ጎንደር
ጥር 8 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለኡዘይር፤

ሰላም ላንተ ይሁን፣ የአላህ ምሕረትም። ዒዱ እኛ ጋ ሸጋ ሆኖ አለፈ። አንተ ጋስ? የት ደረሰ እያልኩ የምጠብቀው ካምሻፍት ግን የለም። ዕቃው በእግሩ ነው የሚመጣው እንዴ?

የሐብተ ማርያም መኪና ከባሕር ዛፉ ሥር እንደቆመ ነው። ሐብተ ማርያም በየሳምንቱ ከደባርቅ ይመጣል፣ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ በረጅሙ ይተነፍስና ይሄዳል። እህሉን የሚያወርደው ዛሪማ ገበያ ስለሆነ መኪናው ሲቆም እሱም ቆሟል። ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ የእሱ ትንፋሽ ግን ከስድብ ይብሳል።

እኔ ሥራዬን ጨርሼ ነው የምጠብቅህ። ብሎኖቹን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ፣ እንደምታውቀው ካርቶን ላይ የሞተሩን መልክ ሥዬ እያንዳንዱን በየቦታው ሰክቼዋለሁ። ብሎን ከወጣበት ቀዳዳ ይመለሳል። አባቴ ጣሊያን ጋራዥ ተቀጥሮ የተማረው ይህን ነው፣ እኔም ከእሱ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ዓይኔ ደክሞ እንኳ አንዱን ከአንዱ በጣቴ እለየዋለሁ። የዛሬ ልጆች ብሎን ሲፈቱ መሬት ላይ ይበትኑታል፣ ኋላ ሲፈልጉ ይውላሉ።

እጄ ተንቀጠቀጠ አልክ። ምነው ልጄ? አንድ ጊዜ የሳተ ሰው ሁልጊዜ አይስትም። እኔ ባንተ ዕድሜ የዘይት መዝጊያውን ሳልመልስ መኪና ሰድጄ፣ እስከ ጠዳ ድረስ መንገዱን ዘይት አልብሼዋለሁ። አባቴ በጥፊ አለኝ፣ በማግሥቱ ሥራ ገባሁ። አለቀ።

ካምሻፍቱን ቶሎ ላክ።

ዐብደላ

(ኡዘይር፣ ስለ አዳነ የጠየቅኸውን ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ሁለቱንም ጊዜ «እሺ፣ ቀጥይ» አለኝ። መርዋ)


ጅዳ
የካቲት 28 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአያ ዐብደላ፤

የአላህ ሰላም ከእርስዎና ከቤትዎ ጋር ይሁን። ስለቆየሁ ይቅርታ። ከባድ ዕቃ የማምነው ሰው ጠፍቶ ነው። አሁን ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ አኒስ ሐጃቸውን ፈጽመው ሲመለሱ ይዘውልዎት መጥተዋል። ካምሻፍቱ በዘይት ወረቀት ተጠቅልሏል። በላስቲክ ውስጥ ደግሞ አራት አዲስ ብሎን ያገኛሉ፤ ከእነሱ ጋር በክር የታሰረ አንድ ዳዶ አለ።

ብሎን ማን ጠየቀህ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ያድምጡኝ።

እዚህ መካኒኮቹ ለዚህ ዓይነት ሞተር ካምሻፍት ሲወስዱ አራት አዲስ ብሎን አብረው ይወስዳሉ። አሮጌዎቹን በርሜል ውስጥ ይጥሏቸዋል። መጀመሪያ ብክነት መስሎኝ፣ እርስዎን እያሰብኩ ከበርሜሉ ለቅሜ ኪሴ እከታቸው ነበር። አንድ የፓኪስታን ሽማግሌ መካኒክ አይቶኝ ሳቀብኝና ምክንያቱን አሳየኝ። ይህ ብሎን ሲጠብቅ እንዲሳብ ሆኖ የተሠራ ነው፤ አጥብቆ የሚይዘውም በመሳቡ ነው። አንዴ ከተሳበ በኋላ ግን ወደ ቁመቱ አይመለስም። ሲደግሙት ይበልጥ ይሳባል፣ ሲሠልሱት ይበጠሳል። ቢታጠብም ከወጣበት ቀዳዳ ቢመለስም ያው ነው።

መሞከሪያው ዳዶው ነው። በጣትዎ ብቻ ብሎኑ ላይ ያሽከርክሩት። ደህና ብሎን ላይ ያለምንም ችግር ይሮጣል። የተሳበ ብሎን ላይ ግን መሐል ሲደርስ ይቆማል፤ የብሎኑ ጥርስ ስለተራራቀ ነው። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም፣ ጣት ይበቃል። መጀመሪያ በሐብተ ማርያም ብሎኖች ይሞክሩት።

አያ፣ አሁን የምለውን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል። የዳኛውን መኪና ብሎኖች በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ሲያስቀምጧቸው አይቻለሁ፤ ሦስቱ ደህኖቹና የተበጠሰው። ዳዶውን በሦስቱ ላይ ይሞክሩልኝ። ዳዶው ከሮጠ ብሎኖቹ ደህና ነበሩ፣ ደህና ብሎን የሚበጠሰው ደግሞ ሳይጠብቅ ሲቀር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የአዳነን እግር የቆረጠው የእኔ እጅ ነው። ዳዶው ከቆመ ግን ብሎኖቹ ለእኔ ሲሰጡኝ ያለቁ ነበሩ፤ ማንም ቢያጠብቃቸው ይበጠሱ ነበር።

የሆነውን ይጻፉልኝ። የትኛውም ቢሆን።

ኡዘይር


ጎንደር
መጋቢት 30 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለኡዘይር፤

ሰላምና ጤና ላንተ ይሁን። ሐጂ አኒስ ዕቃውን አድርሰዋል፤ አላህ ሐጃቸውን ይቀበላቸው። ካምሻፍቱ ሸጋ ነው። እንደ እንቁላል ለስላሳ ነው።

ብሎን ግን ከጅዳ! ለእኔ! ይህን ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ሠላሳ ዓመት የሠራሁባቸው ብሎኖች እዚህ ቤት ከሰው ይበዛሉ፤ አንተ በላስቲክ ጠቅልለህ አራት ትልክልኛለህ። ሐጂ አኒስም «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢሉኝ መድኃኒት ነው አልኳቸው።

ያዘዝከኝን አደረግሁ። ዳዶውን በሐብተ ማርያም ብሎኖች ላይ አሽከረከርኩት። ሁለቱ ላይ ሮጠ፣ ሁለቱ ላይ ቆመ። ቆሻሻ ነው ብዬ እንደገና አጠብኳቸው፣ ያው ቆመ። ዳዶው ነው ብዬ ባንተ አዲስ ብሎን ላይ ሞከርኩት፣ ሮጠ። ይሁን እንግዲህ። አዲሶቹን ገጠምኩ። አንተን ላለማስቀየም ብዬ ነው። መኪናው መጀመሪያ እስከ ጠዳ ተሞከረ፣ ቀጥሎ ደባርቅ ገባ፣ ሰኞ ዕለት ደግሞ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ደርሶ ተመልሷል። ሐብተ ማርያም መርቆሃል። ትንፋሹም ቀርቷል።

መርዋ ስለ ጋራዡ ጻፍለት ትለኛለች። ገዥው መጥቶ ግቢውን በእርምጃ ለክቷል። እንዳይለካ ልከለክለው አልቻልኩም፣ እኔው ነኝ ያስገባሁት።

ስለ ዳኛው ብሎኖች ላልከው፣ ቆርቆሮው አልተገኘም። ዕቃ ሲዛወር የት እንደገባ እንጃ። አራት ዓመት የሞላውን ነገር ምን ያስቆፍርሃል? ተወው።

ዐብደላ

(ኡዘይር፣ ቆርቆሮው አልጠፋም። ከመደርደሪያው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ትናንት አቧራውን የጠረግሁለት እኔ ነኝ። ይህን መጻፌን አያውቅም። መልስህን የማነብለት እኔ ነኝና አደራ፣ እንዳታጋልጠኝ። መርዋ)


ጅዳ
ግንቦት 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአያ ዐብደላ፤

ሰላምና በረካ ከቤትዎ አይጥፋ። የሐብተ ማርያም መኪና በሰላም መመለሱን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ለፓኪስታኑ ሽማግሌ በቃልም በእጅ ምልክትም አድርጌ ነገርኩት።

አሠሪዎቼ ለሦስት ዓመት የሚሆን አዲስ ኮንትራት አቅርበውልኛል። እስከ ሐምሌ መጨረሻ መፈረም አለብኝ። ከፈረምኩ ፓስፖርቴ እነሱ ዘንድ ይቀመጣል፣ እስከ ሦስት ዓመት አልመጣም።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅዎታለሁ፣ ከዚህ በኋላ አልጠይቅም። ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ እንደገና ያስፈልጉት። እኔ ለማሸነፍ አይደለም የፈለግሁት። ጥፋቱ የእኔ ከሆነም ልወቀውና ልሸከመው። አራት ዓመት በእጄ አፍሬ ኖሬያለሁ። ሰው ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋልኝ እንኳ ስለ እጄ አስባለሁ። አሁን ደክሞኛል።

ካልተገኘ «አልተገኘም» ብለው ይጻፉልኝ። አምንዎታለሁ፣ እፈርማለሁ።

ኡዘይር


ጎንደር
ሰኔ 24 ቀን 1994 ዓ.ም.

ኡዘይር ልጄ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን ደብዳቤ መርዋ አልጻፈችውም፣ እኔ ነኝ። ፊደሉ ቢጣመም፣ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ቢወጣ ታገሠኝ። መስመሩን በአውራ ጣቴ እየለካሁ ነው የምጽፈው። ልጄ ፊት ተናግሬ የማስጽፈው ነገር አይደለም።

ቆርቆሮው አልጠፋም። ዋሽቼሃለሁ። ሐጂ አኒስ ዕቃውን ያመጡ ዕለት፣ የሐብተ ማርያምን ብሎኖች ሳልነካ በፊት እሱን ነው ያወረድኩት። ዳዶውን በሦስቱም ላይ አሽከረከርኩት። ሦስቱም ላይ ቆመ። በዘይት አሸሁት፣ ቆመ። ያን ሞተር ካንተ በፊት ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ፣ በሰማንያ ሰባትና በሰማንያ ዘጠኝ። ሁለቱንም ጊዜ እነዚያኑ ብሎኖች አጥቤ መለስኳቸው። ላንተ ስሰጥህ ያለቁ ነበሩ። የጨረስኳቸው እኔ ነኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን አላውቅም ነበር ብዬ ባለፍኩ። እውነትም አላውቅም ነበር፤ እኛ የተማርንባቸው ሞተሮች ብሎናቸው አያልቅም። ግን ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የተበጠሰውን ብሎን ከሞተሩ ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የላላ ብሎን ከመበጠሱ በፊት ሲመታ ስለሚከርም ከአናቱ ሥር ይቀጠቀጣል፤ ይህን ላንተም አስተምሬሃለሁ። የዚያ ብሎን ሥሩ ንጹሕ ነበር። ያኔ ዓይኔ ደህና ነበር። አየሁት። «ይህስ አልላላም» ብዬ በልቤ አልኩ። ዳኛው በር ላይ ቆሞ ይጮሃል፣ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቧል፣ ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። ለስሜ ፈራሁ። ዞር ብዬ «ልጁ አላጠበቀም» አልኩ። አንተ ዝም አልክ። ብትከራከረኝ ምናልባት አፍር ነበር። ዝም ስትል እኔም ያልኩትን አመንኩት፤ ቆይቶ ቆይቶ እውነት መሰለኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ጽፌልህ ነበር አይደል? ያንን ወረቀት ቅደድልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ መርዋን አስከትዬ አዘዞ ሄድኩ። አዳነ አሁን የሚኒባሶቹ ተራ አስከባሪ ነው። ከክራንቹ ጋር ቆሞ አገኘሁት። ብሎኖቹን እጁ ላይ አስቀምጬ የነገርኩህን ሁሉ ነገርኩት፣ ረዳቶቹም ተሳፋሪውም እየሰሙ። አንተን የወነጀልኩህ በሰው ፊት ስለሆነ በሰው ፊት መመለስ ነበረበት። ከዚያ ምን አለኝ መሰለህ? «አያ ዐብደላ፣ ልጁን ይቅር ለማለት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አሁን ደግሞ እርስዎን እንደ አዲስ ልጀምር?» አለኝ። በርጩማውን በክራንቹ ገፋ አደረገልኝና «ይቀመጡ፣ ፀሐይ ነው» አለኝ። ተቀመጥኩ። ይቅር ግን አላለኝም፣ እኔም አላስቸገርኩትም። ስለ አንተ «ይምጣ፣ አይፈር፣ ልየው» ብሏል።

ጠዳም ሄጃለሁ። ዳኛው አርጅቷል። ዳዶውን ተቀበለኝና ራሱ ሦስቴ አሽከረከረው። ቆመበት። «ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ልጁን ስረግም የኖርኩት በከንቱ ነዋ?» አለ። አዎ አልኩት። ቡና ሳያፈላልኝ ሸኘኝ፣ እውነቱን ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ለይላ ለሥራ ወደ ጅዳ መሄዷ ነው። ደብዳቤውንና ሦስቱን ብሎኖች፣ የተበጠሰውንም፣ ዳዶውንም ጨምሬ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ። በእጅህ ሞክራቸው፤ የእኔን ቃል አትመን።

የቀሩትን ቆርቆሮዎች በሙሉ አሮጌ ብረት ለሚገዙት ልሰጣቸው ነው። ባለፍኩባቸው ቁጥር ይከብዱኛል።

ና አልልህም። እንዲህ የማለት አፍ የለኝም። ብትፈርምም አልቀየምህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፣ አውፍ በለኝ። ዱንያ ላይ አውፍ ካላልከኝ በአኼራ ይዘኸኝ ትቆማለህ፣ የምፈራው እሱን ነው።

ዐብደላ


ጅዳ
ሐምሌ 19 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአያ ዐብደላ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።

ለይላ በደህና ደርሳለች። አደራዋን ሳትከፍት አስረከበችኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ብሎኖቹን ከሞከርኩ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ እንዲያ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ዳዶው ሦስቱም ላይ ቆመ። የተበጠሰውንም ሥሩን በጣቴ ዳሰስኩት። ከዚያ ግምጃ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰዎቹ ሰው ሞቶበት ነው ብለው መስኮቱን ዘጉልኝ።

በጣም ተቆጥቼብዎታለሁ። ይህን ልደብቅዎ አልችልም። ያዩትን እያወቁ አራት ዓመት ዝም ማለትዎ ያማል። ነገር ግን አዘዞ ድረስ ሄደው በሰው ፊት ተናግረዋል፣ በዚያ ዓይንዎ እነዚያን ገጾች በራስዎ እጅ ጽፈዋል። አውፍ ብዬዎታለሁ፤ በዱንያም በአኼራም። ቁጣው ከዚህ በኋላ የሚቆይ ከሆነ ከእኔ ጋር ይቆይ፣ ቀስ በቀስ ይሄዳል።

ከትናንት ወዲያ የፓኪስታኑ ሽማግሌ አንድ ሞተር አስረከበኝ። አራት አዲስ ብሎን ከራሴ መደርደሪያ አውርጄ አጠበቅኋቸው። ዞሬ ደገምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ኮንትራቱን አልፈረምኩም። ለጋራዡ ገዥ ይንገሩት። ነሐሴ ማለቂያ ላይ እመጣለሁ።

ቆርቆሮዎቹን ለብረት ገዥዎች እንዳይሰጡብኝ። የዳኛው መኪና ብሎኖች ከአደጋው በኋላ ተጥለው ቢሆን ኖሮ እስክሞት ድረስ የአዳነን እግር የቆረጥኩ ሰው ሆኜ እኖር ነበር። ስመጣ አብረን ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እንፈትሻቸዋለን፤ ዳዶው የቆመባቸውን እንጥላለን፣ የቀሩትን ይሰኳቸዋል።

ከአውሮፕላን ስወርድ በቀጥታ ወደ ቤት አልገባም። መጀመሪያ አዘዞ፣ ሚኒባሶቹ ጋ፣ አዳነን አያለሁ። እርስዎም እዚያው ይጠብቁኝ። በርጩማው ላይ ግን አይቀመጡ፤ እሱን ለአዳነ ይተዉለት፣ እኛ ሁለታችን እንቆማለን።

ልጅዎ ኡዘይር